የሳሎኑን ምስል ያለ ገመድ ወደ ሌላ ክፍል ማድረስ፦ ለጎጃም ቤቶች የአሠራር መመሪያ

ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ዲሽ፣ አንድ ሪሲቨር። ሪሲቨሩ ሳሎን ነው፤ ሁለተኛው ቴሌቪዥን መኝታ ቤት ወይም ከግቢው ማዶ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ዳንግላ፣ ይህ የተለመደ አቀማመጥ ነው። የሳሎኑን ምስል ያለ ገመድ ወደዚያኛው ክፍል የሚያደርስ ጥንድ ዕቃ አለ። አንዱ ከሪሲቨሩ ምስል ተቀብሎ በሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሌላው ሞገዱን ይዞ ለቴሌቪዥኑ ይሰጣል። ከዚህ በታች የመጀመሪያውን ላኪ፣ ሁለተኛውን ተቀባይ እንላቸዋለን። ሪሲቨር ስንል የዲሹን ሳጥን ብቻ ነው።

ካርቶኑ ላይ "50 ሜትር" ወይም "100 ሜትር" ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ምንም በማይከልለው ሜዳ ላይ ነው። አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ በ5 ሜትር ርቀት ላይ ሊያስቆመው ይችላል። ዕቃው እንዲሠራ ወይም እንዳይሠራ የሚያደርገው በመካከል ያለው ግድግዳና የሁለቱ ዕቃዎች አቀማመጥ ነው። መሰካቱ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ስለሆነ እዚህ ብዙ ቦታ የያዘው እሱ አይደለም።

ከመግዛት በፊት

ሁለቱም ቴሌቪዥኖች የሚያሳዩት አንድ ጣቢያ ነው። ሪሲቨሩ አንድ ስለሆነ አባት ሳሎን ዜና ሲከፍቱ ሰርቪስ ቤት ያሉት ልጆች ኳሱ ይጠፋባቸዋል። ብዙ ሰው ይህን የሚረዳው ከገዛ በኋላ ነው። የተለያየ ጣቢያ ማየት ከተፈለገ ዲሹ ላይ ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ (ምልክቱን የሚቀበለው የዲሹ ጭንቅላት) ገጥሞ፣ ሌላ ገመድ ስቦ፣ ሁለተኛ ሪሲቨር መግዛት ነው። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በምሥራቅ 57 ዲግሪ ካለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ያለ ክፍያ ስለሚገኙ ለእነሱ ተራ ሪሲቨር ይበቃል። ዋጋ ጠይቃችሁ አወዳድሩ፤ ይህኛው መንገድ ርካሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ክፍሎቹ በአንድ ግድግዳ ብቻ የሚለያዩ ከሆነም ገመድ ይሻላል። እስከ 10 ሜትር የሚደርስ ደህና የኤችዲኤምአይ ገመድና ምስሉን ለሁለት የሚከፍል ትንሽ ሳጥን ካለ ሥራው ያልቃል፤ በሞገድ መቆራረጥ የለም፣ መዘግየት የለም። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ መብሳቱም ቀላል ነው።

ያለ ገመድ መላክ በእርግጥ የሚያዋጣው ቤቶቹ ሲለያዩ ነው። በግቢ ላይ የተንጠለጠለ ሽቦ ነፋስና ፀሐይ ይበላዋል፤ ከዚያ የሚብሰው ግን መብረቅ ነው። በደጋው ጎጃም ክረምት ነጎድጓዱ ብዙ ነው፤ በአንዱ ቤት የገባ የመብረቅ ግፊት በረጅም ገመድ ተጉዞ የሁለተኛውን ቤት ቴሌቪዥንም ይዞ ይሄዳል። ሁለቱን ዕቃዎች የሚያገናኝ የምስል ሽቦ ከሌለ ያ መንገድ የለም።

ኤቪ ወይስ ኤችዲኤምአይ

በገበያ ሁለት ዓይነት ጥንድ ታገኛላችሁ። አንደኛው ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጃክ ያለው የኤቪ ላኪ ነው። አብዛኛው በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ አንዳንዱ በ5.8 ጊጋኸርዝ ይሠራል። የሚያስተላልፈው የድሮውን የፓል ምስል፣ ማለትም 576 መስመር ነው። ለድሮው ወፍራም ቴሌቪዥንና ለትንሽ ፍላት ይበቃል። 43 ኢንች ላይ ግን የዜናው ተንሸራታች ጽሑፍ ደብዝዞ ለማንበብ ያስቸግራል። ጥሩ ጎኑ መዘግየት የለውም፤ ምልክቱ ሲዳከምም ምስሉ ወዲያው አይጠፋም፣ ቀስ በቀስ "በረዶ" ይጥልበታል እንጂ።

ሁለተኛው የኤችዲኤምአይ ጥንድ ነው። ምስሉን ጨምቆ በ5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይልካል፤ ጥራቱ እስከ 1080 ይደርሳል። ምልክቱ ከአንድ ደረጃ በታች ሲወርድ ግን መካከለኛ የለውም፤ ይቆማል፣ በካሬ በካሬ ይሰባበራል፣ ከዚያ ጥቁር ይሆናል። ጨምቆ መፍታቱ ጊዜ ስለሚወስድ የሩቁ ቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ ከሰከንድ አሥረኛ እስከ አምስተኛ ያህል ይዘገያል። ለብቻው ሲታይ አይታወቅም። የሳሎኑ ድምፅ እስከ ሰርቪስ ቤቱ የሚሰማ ከሆነ ግን የጎሉ ጩኸት ከጎሉ ይቀድማል።

የኤቪ ዓይነቱን ለሚመርጥ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። አብዛኞቹ ሪሲቨሮች በኤችዲኤምአይና በኤቪ በአንድ ጊዜ ምስል ያወጣሉ። ስለዚህ የሳሎኑ ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ እንደተሰካ ይቀራል፣ የኤቪው ቀዳዳ ለላኪው ይሆናል፤ ምስል የሚከፍል ሳጥን አያስፈልግም። የኤችዲኤምአይ ጥንድ ስትገዙ ደግሞ ላኪው ላይ ሁለተኛ የኤችዲኤምአይ መውጫ መኖሩን አረጋግጡ፤ የሳሎኑ ቴሌቪዥን እዚያ ላይ ይሰካል። ከሌለው አንድ ገቢ ሁለት ወጪ ያለው መክፈያ ጨምራችሁ ግዙ።

የክፍያ ዲኮደር ካላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት በዚያው ዲኮደር አስሞክሩ። እነዚህ ዲኮደሮች በኤችዲኤምአይ የሚያወጡት ምስል የቅጂ መከላከያ አለው። ጥንዱ ወይም መክፈያው መከላከያውን የማይደግፍ ከሆነ ነጻ ጣቢያ እየታየ የተከፈለበት ጣቢያ ላይ ጥቁር ይሆናል። ይህ ሲሆን ላኪው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ግድግዳውን በስልክ መለካት

ብር ከማውጣት በፊት ቤታችሁን በሁለት ስልክ መፈተሽ ትችላላችሁ። አንዱን ስልክ ሆትስፖት አድርጉትና ላኪው ሊቀመጥ በታሰበበት ቦታ፣ በዚያው ከፍታ አስቀምጡት። የኤችዲኤምአይ ጥንድ ለመግዛት ካሰባችሁ ሆትስፖቱን በስልኩ ማስተካከያ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይሩ፤ ለ2.4 የኤቪ ላኪ ከሆነ 2.4 ላይ ተዉት። በሁለተኛው ስልክ የዋይፋይ ጥንካሬ በቁጥር የሚያሳይ መተግበሪያ ጫኑ፤ በነጻ የሚገኙ ብዙ ናቸው። ከዚያ ሁለተኛው ቴሌቪዥን ያለበት ክፍል ገብታችሁ ቁጥሩን አንብቡ። በሮቹንና መስኮቶቹን ማታ እንደሚዘጉት ዝጉ፤ ብዙ ሰው በር ከፍቶ ስለሚለካ ይታለላል።

ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ የቀረበው ጠንካራ ነው። ከ‑60 ዲቢኤም (የሞገድ ጥንካሬ መለኪያ) የተሻለ፣ ለምሳሌ ‑50፣ ካገኛችሁ ያለ ችግር ይሠራል። ‑60 እና ‑70 መካከል ከሆነ ቦታ እየቀያየሩ ማስተካከል ይጠይቃል። ‑75 እና ከዚያ የደከመ ከሆነ በዚያ መስመር አትግዙ፤ ላኪውን ወደ መስኮት አዛውራችሁ እንደገና ለኩ። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፣ በዚህ መለኪያ 6 ቁጥር ማለት ነው። ስለዚህ ለውጡ በአንድ ግድግዳ ብቻ 15 ወይም 20 ከሆነ ችግራችሁ ርቀቱ ሳይሆን ያ ግድግዳ ነው።

ስለ ግድግዳዎቹ ትንሽ እንቆይ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነውና። በጭድና በእንጨት የተሠራ ደረቅ የጭቃ ግድግዳ ሞገድ ያሳልፋል። ያው ግድግዳ በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ይከብዳል፤ በጥቅምት የተገጠመ ዕቃ በሐምሌ ቢቆራረጥ አይግረማችሁ። በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ደግሞ ሌላ ነው። ልስኑ እንዲይዝ ከሥሩ የሽቦ መረብ ተመትቶ ከሆነ የመረቡ ቀዳዳ ከሞገዱ ርዝመት ስለሚያንስ ግድግዳው እንደ ብረት ሊከልል ይችላል። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ 12.5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የ5.8 ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። መረብ መኖር አለመኖሩን ከውጭ ማየት አይቻልም፤ የስልኩ ቁጥር ግን ይናገራል።

አንድ የብሎኬት ግድግዳ ይታለፋል፤ ሁለት ብሎኬት ላይ የ5 ጊጋኸርዝ ዕቃ ማንገራገር ይጀምራል፤ ሦስት ላይ ባትደክሙ ይሻላል። ቆርቆሮ፣ የብረት በርና የብረት መስኮት ሞገዱን ይመልሱታል። የመስኮት መስታወት ብዙም አይጎዳውም። በግቢው መካከል ውኃ የሞላ ሮቶ ካለ በቀጥታ መስመሩ ላይ እንዳይሆን አድርጉ፤ ውኃ ሞገድ ይውጣል። ዝናብ የጠጣ የጌሾና የቡና ቅጠልም እንዲሁ፣ በመጠኑ።

መጀመሪያ አንድ ክፍል ውስጥ ሞክሩ

ዕቃው እንደመጣ በቀጥታ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። ሁለቱንም ሳሎን ውስጥ፣ በ2 እና 3 ሜትር ርቀት አድርጋችሁ አስነሱ። ጎን ለጎን አታስቀምጧቸው፤ በጣም ሲቀራረቡ ተቀባዩ በጠንካራ ምልክት ሊደነቁር ይችላል። እዚህ ካልሠራ ግድግዳ አይወቀስም፤ የገመድ፣ የአዳፕተር ወይም የዕቃው ችግር ነው፣ ሱቁ ሳይረሳችሁ ትመልሳላችሁ።

1. የሪሲቨሩንና የሁለቱን ቴሌቪዥኖች ስፒና ንቀሉ። የኤችዲኤምአይ ገመድን መብራት እያለ መሰካትና መንቀል ቀዳዳውን ያቃጠለባቸው ቴሌቪዥኖች አሉ።

2. ከሪሲቨሩ የኤችዲኤምአይ መውጫ ወደ ላኪው ገቢ ስኩ፤ ከላኪው ሁለተኛ መውጫ ወደ ሳሎኑ ቴሌቪዥን። በኤቪ ከሆነ ቢጫው ምስል፣ ነጭና ቀዩ የግራና የቀኝ ድምፅ ነው።

3. ተቀባዩን ወደ ሁለተኛው ቴሌቪዥን በአጭር ገመድ ስኩ፤ 1 ወይም 1.5 ሜትር ይበቃል።

4. አዳፕተሮቹን ከመሰካት በፊት ጽሑፋቸውን አንብቡ። የኤችዲኤምአይ ጥንዶች አብዛኞቹ 5 ቮልት ይጠቀማሉ። የኤቪ ላኪዎች 9 ወይም 12 ቮልት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የላኪውና የተቀባዩ ሊለያይም ይችላል። ጫፋቸው አንድ ስለሆነ አንዱን ለሌላው መሰካት ቀላል ነው፣ ማቃጠሉም እንዲሁ። በፕላስተር ምልክት አድርጉባቸው።

5. ኤሌክትሪክ ስጡ፤ ሪሲቨሩን አስነሱ፤ ሁለተኛውን ቴሌቪዥን በሪሞቱ የሶርስ ቁልፍ ወደተሰካበት ቀዳዳ አዙሩ። የኤችዲኤምአይ ጥንድ ለመገናኘት እስከ ግማሽ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ ወዲያው ካልታየ ቁልፍ አትነካኩ።

6. ካልተገናኙ ሁለቱም ላይ ያለውን የማጣመሪያ ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ተጫኑ። በኤቪ ላኪ ይህ የለም፤ በሁለቱም ላይ ያለው የቻናል መቀየሪያ አንድ ቁጥር ላይ መሆኑን ብቻ እዩ።

7. የሪሲቨሩን ማስተካከያ ገብታችሁ የምስል መጠኑን ሁለቱም ቴሌቪዥኖች የሚችሉት ላይ አድርጉ። ሁለተኛው ቴሌቪዥን አሮጌ ፍላት ከሆነ 720 በ50 ኸርዝ አስተማማኝ ነው። "አውቶ" ላይ ከተዋችሁት ሪሲቨሩ አንዱን ቴሌቪዥን ብቻ ጠይቆ ሌላውን ጥቁር ሊያደርገው ይችላል። ድምፁን ፒሲኤም (ያልተጨመቀ ድምፅ) ላይ አድርጉ፤ ምስል መጥቶ ድምፅ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

የኤቪ ገመድ የራሱ ጣጣ አለው። ትንንሾቹ ሪሲቨሮች ሦስቱን ጃክ በአንድ ቀጭን ቀዳዳ ነው የሚያወጡት፣ ገመዱም ከሪሲቨር ሪሲቨር ይለያያል። ምስሉ ጥቁር ሆኖ ድምፁ የሚነዝር ከሆነ ቢጫውን ጃክ በቀዩ ቦታ ስኩና እዩ። ካልሆነ በነጩ ሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ የገመዱ የመሬት መስመር ከሪሲቨሩ ጋር አልገጠመም ማለት ነው፤ ማቀያየር አይፈታውም፣ ከሪሲቨሩ ጋር የመጣውን ገመድ ፈልጉ። ምስሉ ያለ ቀለም ከመጣ ደግሞ ቴሌቪዥኑንም ሪሲቨሩንም ፓል ላይ አድርጓቸው።

ቦታ መምረጥ

ሳሎን ውስጥ በደንብ ከሠራ ተቀባዩን ወደ ክፍሉ ውሰዱ። አሁን አንድ ሰው ምስሉን እያየ በስልክ ይናገር፣ ሌላው ላኪውን ያንቀሳቅስ። ሳይቸኩሉ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ፣ ቆም እያሉ ማየት ነው። ሞገዱ ከግድግዳና ከቆርቆሮ ጣሪያ እየተመለሰ ራሱን የሚያጠፋባቸው ነጥቦች አሉ። የሞተ ቦታ ካጋጠማችሁ አንድ ጋት ወደ ጎን ማድረግ ብቻ ምስሉን ሊመልሰው ይችላል።

ላኪውን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አታስቀምጡ፤ የፍላቱ ጀርባ ብረት ነው። ከብረት ቁም ሳጥን፣ ከፍሪጅና ከትልቅ የፊት ማያ መስታወት አርቁት። ከሰው ትከሻ በላይ፣ 1.5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ሰው ባለፈ ቁጥር አይቆራረጥም። ቴሌቪዥን ላይ የሚለብሰው ዳንቴል ላኪው ላይ አይልበስ፤ የኤችዲኤምአይ ላኪ ይግላል፣ ሲታፈን ደግሞ ለአንድ ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

የጭቃ ቤት ባለቤቶች አንድ ዕድል አላቸው። ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ ብዙ ጊዜ እስከ ጣሪያው አይደርስም፣ ወይም ከላይ በኮርኒስ ጨርቅ ብቻ ይዘጋል። ላኪውን ከግድግዳው አናት አጠገብ ብትሰቅሉት ሞገዱ ግድግዳውን ሳይነካ በላይ ያልፋል። ያን ጊዜ ቆርቆሮው ራሱ ይረዳል፤ ሞገዱን ወደ ታች ይመልሰዋል።

ቤት ለቤት ከሆነ መስታወት ላለው መስኮት ቅድሚያ ስጡ። ላኪውን በሳሎኑ መስኮት ጥግ፣ ተቀባዩን በሰርቪስ ቤቱ መስኮት ጥግ፣ ፊት ለፊት። ቀን ሠርቶ ማታ የሚቆራረጥ ከሆነ የብረት መዝጊያውን ተመልከቱ፤ ሲመሽ ይዘጋል አይደል? ሰርቪስ ቤቱ ዙሪያውን ቆርቆሮ ከሆነ ተቀባዩን ራሱን ወደ በሩ ስንጥቅ ወይም ወደ መስኮቱ አምጡና ከእሱ እስከ ቴሌቪዥኑ 3 ወይም 5 ሜትር ገመድ ሳቡ። ያለ ገመዱ ክፍል ግቢውን ያቋርጥ፣ የቀረውን ገመዱ ይሥራው። ውጭ ግን አታስቀምጡት፤ ዝናብና ጠል አይችልም።

አንቴናዎቹ ዘንግ ከሆኑ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ይቁሙ። አንዱ ቆሞ ሌላው ከተጋደመ ምልክቱ በጣም ይወርዳል። ሰሌዳ ዓይነት ከሆኑ ፊታቸው ይተያይ።

ለ2.4 የኤቪ ላኪ ቻናል መምረጥ ቁም ነገር ነው። የተለመዱት አራቱ ቻናሎች 2.414፣ 2.432፣ 2.450 እና 2.468 ጊጋኸርዝ ላይ ናቸው። የቤታችሁ ዋይፋይ ቻናል 1 ላይ ከሆነ የላኪው አንደኛ ቻናል ላይ ተደራርቧል፤ ላኪውን 4 ላይ አድርጉ። ዋይፋዩ 11 ላይ ከሆነ ተቃራኒው፣ ላኪውን 1 ላይ። ማይክሮዌቭ ምድጃ 2.45 አካባቢ ስለሚረብሽ ሦስተኛውን ቻናል ያበላሻል። ቻናሎቹን ስትቀይሩ ዋይፋዩም መፍጠኑን እዩ፤ ላኪው ሌት ተቀን ስለሚልክ የቤቱን ኢንተርኔት ያንቀራፍፋል። ስታዩ ብቻ አብሩት።

ደግሞም የኤቪ ላኪ ምስሉን አይቆልፍም። ተመሳሳይ ተቀባይ ያለው ጎረቤት በዚያው ቻናል ላይ እናንተ የምታዩትን ያያል። በተከራይ በተሞላ ግቢ ይህ ይታሰብበት። ኃይል ማጉያ ወይም ትልቅ አንቴና ጨምሮ ለሰፈር ማዳረስ ግን ከቤት ዕቃ ይወጣል፤ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ሪሞቱ ከሌላ ክፍል እንዲሠራ

የሪሞት ብርሃን ግድግዳ አያልፍም። ስለዚህ ጥንዱ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀጫጭን ገመዶች ይዞ ይመጣል። ጥቁር፣ ተለቅ ያለ ዓይን ያለው ተቀባዩ ላይ ይሰካል፤ ሪሞቱን የሚያየው እሱ ነው። ትንሽዋ፣ ማጣበቂያ ያላት ደግሞ ላኪው ላይ ትሰካለች፤ ሪሲቨሩን የምታዘው እሷ ናት። ከተቀያየሩ ዕቃው አይበላሽም፣ ሪሞቱ ግን አይሠራም።

ትንሽዋን የት ማጣበቅ እንዳለባችሁ ለማወቅ የስልክ ባትሪ በሪሲቨሩ ፊት ጥቁር ፕላስቲክ ላይ አብሩ፤ ከኋላው ክብ ዓይን ይታያል። ከዓይኑ ፊት ለፊት አጣብቋት። ካልሠራ ክፍሉን አጨልማችሁ፣ ሌላ ሰው በሩቁ ክፍል ሪሞቱን እየተጫነ፣ ትንሽዋን በስልክ የፊት ካሜራ እዩዋት፤ የምትሠራ ከሆነ ወይን ጠጅ የመሰለ ብልጭታ በስክሪኑ ላይ ይታያል። ብልጭታ ካለና ሪሲቨሩ ካልታዘዘ ቦታዋን አስተካክሉ። ብልጭታ ከሌለ ችግሩ ከዚያ በፊት ነው፦ ሪሞቱ፣ ትልቁ ዓይን ወይም የተሰኩበት ቀዳዳ።

ምስሉ ሲበላሽ

ምጣድ ሲሰካ ምስሉ ከጠፋ ሞገድ አትውቀሱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ በቀጭንና በረጅም መስመር ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል። አምፖሉ በዚያው ቅጽበት ደብዘዝ ካለ ማስረጃው ያ ነው። አዳፕተሩን አንሱትና መዝኑት፤ ከባድ ከሆነ ውስጡ የብረት ትራንስፎርመር ነው፣ የግድግዳው ቮልት ሲወርድ የእሱም አብሮ ይወርዳል። ቀላልና "100‑240" የተጻፈበትን ብትተኩ፣ ቮልቱና የጫፉ ዋልታ (የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቀማመጡ) እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ሆኖ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ይወገዳል።

ከቴሌቪዥኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ ኃይል መስጠትም ተመሳሳይ ጉድ ያመጣል። ተራ የቴሌቪዥን ዩኤስቢ ግማሽ አምፔር ነው፤ ዕቃው 1 ወይም 2 አምፔር ከጠየቀ ይነሳል፣ አርማውን ያሳያል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። የስልክ ቻርጀር፣ ትክክለኛ 2 አምፔር የሚሰጥ፣ ስኩለት።

ምስሉ በሁለቱም ቴሌቪዥኖች ከተቆራረጠ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከዲሹ ነው፤ ዝናብ ሲበረታ ወይም ነፋስ ዲሹን ሲያንቀሳቅስ እንዲህ ይሆናል። በሩቁ ብቻ ከተቆራረጠ ከላኪው ወዲህ ነው። ይህን አንድ ጥያቄ አስቀድሞ መጠየቅ ዲሹ ላይ በከንቱ ከመውጣት ያድናል።

ሩቁ ቴሌቪዥን ምንም ምልክት ሳያሳይ የተቀባዩ መብራት ቋሚ ሆኖ ከበራ ሞገዱ ደርሷል፤ በተቀባዩና በቴሌቪዥኑ መካከል ያለውን ገመድ ቀይሩ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ገና አልተገናኙም። ራውተራችሁ በ5 ጊጋኸርዝም የሚሠራ ከሆነና የኤችዲኤምአዩ ጥንድ በየጊዜው የሚሰባበር ከሆነ ራውተሩን ለጊዜው 2.4 ላይ ብቻ አድርጋችሁ አንድ ምሽት እዩት።

ኢንተርኔት ሳይኖር በራውተር

አንዳንድ ሪሲቨሮች የሚያዩትን ጣቢያ በቤት ኔትወርክ ለስልክ ወይም ለአንድሮይድ ቴሌቪዥን የሚያጋሩ ናቸው። ሪሲቨሩን በኔትወርክ ገመድ ወይም በዋይፋይ ከራውተሩ ጋር አገናኙ፤ ሁለተኛውን ቴሌቪዥን ከዚያው ራውተር ጋር፤ ከሪሲቨሩ አምራች የወጣውን መተግበሪያ ጫኑ። ምስሉ ከራውተሩ ስለማይወጣ ጥቅል አይበላም፣ ካርድ ባይኖርም ይሠራል። የሚያስፈልገው የዋይፋዩ ጥንካሬ በሁለተኛው ክፍል በቂ መሆኑ ብቻ ነው፤ ከላይ ያለው የስልክ መለኪያ ለዚህም ያገለግላል። ሪሲቨራችሁ ይህን የሚያደርግ ከሆነ ጥንድ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ነጎድጓድ ሲጀምር የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ፣ የሪሲቨሩንና የላኪውን ስፒና ከግድግዳው ንቀሉ፤ በሰርቪስ ቤቱም የቴሌቪዥኑንና የተቀባዩን። በዲቫይደሩ ቁልፍ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ቁልፉ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ መልሱ፤ መጀመሪያ ሪሲቨሩን፣ ቀጥሎ ላኪውን፣ በመጨረሻ ተቀባዩን።